ስለ እጅ ስፌትና ስለ መኪና ስፌት

ልብስ በሚሸጥበት ስፍራ ሁሉ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ በእጅ የተሰፋ ነው ወይስ በመኪና?» የሚል ነው። ሲሰሙት ትንሽ ጥያቄ ይመስላል። ጠያቂውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን ለማስቀነስ ሲል ነው እንጂ ነገሩን ለመመርመር አይደለም። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚያስተውለው ሰው ይህ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። የሰው ድካም ለሠራው ሥራ ክብር ይጨምርለታልን? ቢጨምርለትስ ክብሩ የሚከፈለው ለጨርቁ ነው ወይስ ለሰፊዋ? በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምሻው ይህን ነው፤ ምሳሌዬንም ከሩቅ ሳልፈልግ ሁላችን ከምንለብሰው ከጋቢ እወስዳለሁ።

የአገራችን ሸማ ደረጃው በድርብርቡ ይታወቃል። ነጠላ ስሙ እንደሚናገረው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ኩታ ሁለት እጥፍ ነው፤ ጋቢ አራት ነው፤ ቡልኮ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ በዳባትና በደባርቅ አድሮ የሌሊቱን ብርድ የቀመሰ ሰው ክብደቱን ያመሰግናል እንጂ አያማርርም። ሌሎች አሕዛብ ብርድን ለመከላከል በሁለት ጨርቅ መካከል የተባዘተ ጥጥ ወይም የበግ ጠጉር ይጨምሩና በላዩ ላይ ስፌት ያበዙበታል። የእኛ ሰዎች ግን ሸማን በሸማ ላይ ደርበው ሙቀቱን ከዚያው ከድርቡ ያገኛሉ። የስፌቱ ሥራ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ይህም ድርብርቡ እንዳይንሸራተትና እንዳይለያይ መያዝ ነው።

ሸማኔው የሚሰጠው ረጅምና ጠባብ ሸማ ነው። ይህ ይቈረጣል፥ ጎንና ጎኑ ይጋጠማል፥ ይታጠፋል፥ ከዚያም ዙሪያው ይዘመዘማል። ሥራው በእጅ ሲሆን አንድ ክርና አንዲት መርፌ ይበቃሉ፤ መርፌዋ እየገባች እየወጣች ትሄዳለች፥ ክሩም ከሸማው ጋር ላላ ብሎ ይተኛል። በመኪና ሲሆን ግን ክሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ከላይ በመርፌዋ ይወርዳል፥ ሁለተኛው ከታች ከተጠነጠነው ይመጣል፥ ሁለቱም በጨርቁ ውስጥ ተያይዘው ይቈላለፋሉ። የመኪናው ስፌት ጥብቅና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ስፌት ከሌላው በመጠን አይለይም። ለሱሪና ለኮት ለምን እንደ ተመረጠ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

በእጅ ፈትል የተሠራ ለስላሳ ሸማ ግን እንደ ቡሉኬት ካኪ አይደለም። የጠበቀ ስፌት ሲያልፍበት መሥመሩ ይደርቃል፥ አንዳንድ ጊዜም ጨርቁ ይሸበሸባል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን የሚታየው ጋቢው ሲያረጅ ነው። በእጅ የተሰፋውን ጋቢ አንዲት ሴት የክሩን ጫፍ ይዛ ትስበዋለች፤ ስፌቱ ይፈታል፥ ድርቡ ይከፈታል፥ የሳሳው ወደ ውስጥ፥ ያልሳሳው ወደ ውጭ ይገለበጥና እንደ ገና ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ደኅና የቀረው ተለይቶ ለሕፃን ማቀፊያ ይሆናል። የመኪናው ስፌት ግን አንድ በአንድ በምላጭ ካልተቈረጠ አይለቅም፤ ሲለቅም አብሮ የሚበጠስ ፈትል አይጠፋም። እንግዲህ የእጅ ስፌት ደካማነቱ ራሱ ጥቅም ሆነለት ማለት ነው። የተሰፋው እንደሚፈታ ታስቦ ነውና።

በአማርኛችን ልብስን መስፋትና ሰውን መርዳት በአንድ ቃል ይነገራሉ፤ ሁለቱም መጥቀም ይባላሉ። ከአንድ ሥር ወጥተዋል ለማለት አልደፍርም፥ የቋንቋ ሊቃውንት ይዩት። ጠዳ ላይ ተቀምጬ በየደጁ እንዝርት የሚያሾሩትንና መርፌ የሚይዙትን እናቶች በማይበት ጊዜ ግን ሁለቱን ለመለየት ይቸግረኛል።

አሁን «የእጅ ሥራ» የምንለውን ነገር ራሱን እንመልከት። ጥጥ ይዳመጣል፥ በደጋን ይነደፋል፥ ይባዘታል፥ ከዚያ በኋላ ይፈተላል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ሆኖ ቈይቷል። ሸማኔው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የጠፋው የሴት ቀን ከሸማኔው ቀን ይበዛል፤ ስሙ የሚጠራው ግን የሸማኔው ነው። ከዚያም ፋብሪካ መጣ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የድሬ ዳዋው ከእርሱ በፊት የነበረ ነው። ድር ተወጥሮ የሚመታ ስለ ሆነ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል፥ ፋብሪካው ደግሞ እንዲህ ያለውን ክር በቶሎ ይፈትላል። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ሸማ ውስጥ ድሩ የፋብሪካ ነው፥ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል ነው። ገዢው «ሁሉም በእጅ ነው» ተብሎ የሚገዛው ሸማ በርዝመቱ የፋብሪካ፥ በወርዱ የእናቶች ነው ማለት ነው። ይህን የምናገረው ሸማውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሸማ መልካም ሸማ ነው። የምናገረው በእጅና በመኪና መካከል ያለው ወሰን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በመርፌ ላይ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። መኪናው ወደ ቤታችን የገባው ከስፌቱ በፊት በክሩ በኩል ነው፥ ማንም ሲገባ አላየውም።

መኪና የሚለው ስም የመጣው ከኢጣልያኖች ቋንቋ ነው። ዛሬ ሰው መኪና ሲል በጎዳና የሚሮጠውን ያስባል፤ ይሁን እንጂ ልብስ ሰፊው በእግሩ የሚረግጠውም በዚሁ ስም ይጠራል። የዚህ ዕቃ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠብ ነበረበት። ባርተሌሚ ቲሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830 የስፌት መኪና አውጥቶ የመንግሥት ፈቃድ አገኘ፤ በፓሪስም 80 ያህል መኪናዎች አቁሞ የወታደር ልብስ ያሰፋ ጀመር። በ1831 የከተማይቱ ልብስ ሰፊዎች እንጀራችን ተወሰደ ብለው ገብተው ሰባበሩበት። ኋላም ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ በ1845 መኪናውን ከአምስት የእጅ ሰፊዎች ጋር አወዳድሮ ሁሉንም በአንድነት ቀደማቸው፥ በ1846ም የፈጠራ መብቱን አስጻፈ። በ1851 አይዛክ ሲንገር የራሱን አወጣ፤ የእርሱም ስም እስከ እኛ አገር ደርሶ ብዙ ሰው የስፌት መኪናን ሁሉ «ሲንጀር» እያለ ይጠራል።

በፓሪስ ዕቃውን የሰበሩት ሰዎች አላዋቂዎች ነበሩ ተብሎ ይነገርባቸዋል። ለእኔ ግን ጥያቄያቸው አላዋቂነት አይመስለኝም። መኪናው ከአምስት ሰው በላይ ሲሠራ የአምስቱ ሰዎች እንጀራ ወዴት ይሄዳል ብለው ነው የጠየቁት፤ ይህን ደግሞ ዕቃውን የሠራውም የገዛውም አልመለሰላቸውም። የሰበሩት ስላላወቁ ሳይሆን የሚሰማቸው ስላጡ ነው። መስበራቸው ግን ምንም አልጠቀማቸውም፤ መኪናው በሌላ ደጅ ተመልሶ ገባ።

በእኛም ዘንድ በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኞቹ «የእጅ ሥራ ነፍስ አለው፥ የመኪና ሥራ ሙት ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሲሰማ ደስ ያሰኛል። እንዲህ የሚሉት ግን በአብዛኛው ለባሾች ናቸው እንጂ ሰፊዎች አይደሉም። በኩራዝ ብርሃን ጥልፍ ስትጠልፍ ዓይኗ የደከመባት ሴት የእጅ ሥራ ነፍስ አለው ብላ ስትናገር አልሰማሁም። ድካም በራሱ የተቀደሰ ነገር ቢሆን ኖሮ ውኃ ከወንዝ በእንስራ ማምጣት ከቧንቧ ከመቅዳት ይከብር ነበር፤ ይህን ግን ማንም አይልም፥ ቧንቧ የገባለት ሰው እንስራውን አስቀምጦ ያመሰግናል። የሴቲቱ ጊዜ ሲረክስ የሥራዋ መልክ ያምራል፤ እኛም ያንን መልክ እያየን ድካሟን እናደንቃለን፥ ጊዜዋን ግን አንከፍላትም። ይህ አድናቆት ንጹሕ አይደለም።

ሁለተኞቹ ደግሞ «ሥራው ያው ሥራ ነው፤ የሚሞቅ ከሆነ በምን እንደ ተሰፋ ምን ገደደን» ይላሉ። እነዚህ ከፊተኞቹ ይልቅ ሐቀኞች ናቸው፥ ነገሩን ግን ጨርሰው አላዩትም። ሰው ከሰው ዘንድ ልብስ ሲቀበል የሚቀበለው ሙቀት ብቻ አይደለም። እናት ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጇ የምትሰፋው ጋቢ በእያንዳንዱ ስፌት ስለ እርሱ ያሰበችበት ነው፤ ልጁ የሚያውቀው እንደ ሆነ ጋቢው ደብዳቤ ነው። ጴጥሮስ ወደ ኢዮጴ በተጠራ ጊዜ ባልቴቶቹ እያለቀሱ ያሳዩት ጣቢታ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። የሞተችው ማን እንደ ነበረች ሊነግሩት ሲፈልጉ ከቃል ይልቅ ልብሱን አቀረቡ። እንዲህ ያለው ምስክርነት መልበስ ብቻ ለሚቈጥር ሰው አይታይም።

ልብ በሉ፤ ይህ ግን በእጅ ከመሰፋቱ የመጣ አይደለም። ያቺው እናት ልጇን እያሰበች በመኪና ብትሰፋው ደብዳቤነቱ አይጠፋም፤ እርሷን የማታውቅ ሌላ ሴት ለገበያ በእጇ የሰፋችው ደግሞ ለለባሹ ደብዳቤ አይሆንም። ስለዚህ የእጅ ሥራ ወዳዶች «ነፍስ» የሚሉት ነገር መገኛው የስፌቱ ዓይነት ሳይሆን በሰፊዋና በለባሹ መካከል ያለው መተዋወቅ ነው። በገበያ መካከል ይህ መተዋወቅ የለም። በመተዋወቅ ፈንታ ምን ይተካል ብዬ ብጠይቅ ከዋጋና ከእውነተኛ ስም በቀር የማገኘው የለም።

ይህን ነገር ጎንደር ላይ ሆኖ የሚናገር ሰው ደግሞ የከተማውን ታሪክ ሊዘለው አይችልም። በጎንደር ዘመን ሸማውን የሠሩት፥ ብረቱን የቀጠቀጡት፥ ሸክላውን የጠፈጠፉት፥ ከግንቡም ብዙውን ያነጹት በአብዛኛው እስላሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1660 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው ጉባኤ እነዚህ ሰዎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ተፈረደ፤ እስላሞቹም ሸማ በሚሠሩበት በአዲስ ዓለም ተቀመጡ። ከዚያ ጀምሮ ጎንደሬው በሠራተኛው ሸማ አጊጦ በሠራተኛው ላይ ሲያፌዝ ኖረ። ሸማኔነት ስድብ ሆነ፤ ብረት ሠሪው ደግሞ ከስድብም አልፎ ቡዳ ተባለ፥ ሰውም ማረሻውን ከእርሱ ተቀብሎ ዓይኑን ይፈራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል፤ ያልነበረ በደል በዐዋጅ አይከለከልምና።

ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ከሄዱ በኋላ በወለቃ የሚሸጠው ሸክላ በእነርሱ ስም የሚፈለግ ሆነ፤ ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ እጁ የሌለበትን የእጅ ሥራ ይገዛል። በመካከላችን ሳሉ ሥራቸውን ለመሸከም እንጂ ስማቸውን ለመሸከም ያልፈለግን ሰዎች ዛሬ ስሙን እንሸጠዋለን። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። «የእጅ ሥራ ክቡር ነው» የሚለው ቃል በእኛ አገር አዲስ ቃል እንደ ሆነ፥ ገና ዕዳው ያልተከፈለ መሆኑን ለማሳሰብ ነው። እጁን ንቀን ሥራውን ማክበር መኪናው ሳይመጣ የተማርነው ልማድ ነው፤ መኪናውን ብናባርረውም ልማዱ አብሮት አይሄድም።

እንግዲህ በደሉ የት ላይ ነው? እኔ የማገኘው በሁለት ስፍራ ነው፤ ሁለቱም ከስፌቱ ውጭ ናቸው።

የመጀመሪያው ስሙን መለወጥ ነው። በመኪና የተጠለፈውን ቀሚስ «የእጅ ጥልፍ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያታልለው ገዢውን ብቻ አይደለም። ያንኑ ዓይነት ጥልፍ ብዙ ቀን ቈጥራ በእጇ የጠለፈችውን ሴት ዋጋ ይሰርቃል፤ ገዢው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ርካሹን ይመርጣልና፥ የእርሷ ቀሚስ «ተወደደ» ተብሎ ይቀራል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከዚህ የባሰ መጥቷል። ጥበቡ ሳይሸመን በቀለም የታተመበት ጨርቅ ከውጭ አገር ተጭኖ ይገባል፤ በሩቅ ለሚያየው ከሸማኔው ጥበብ አይለይም። በጥምቀት ጎንደር ላይ ከሚታየው ነጭ ልብስ ስንቱ የሸማኔ እጅ እንደ ነካው ከገበታው ርቆ የቆመ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ድሀ ሰው ርካሹን ገዝቶ በዓሉን አምሮ ቢውል ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ የምነቅፈው ጨርቁን የሀገር ሸማ ነው ብሎ የሸጠለትን ነው።

በዚህ ላይ ካህናት አባቶቻችንም የሚያስቡበት ነገር አለ። ልብሰ ተክህኖ ዛሬ ብዙው በመኪና ይጠለፋል። ይህ ጥፋት ነው ብዬ አልፈርድም፤ በሩቅ ገጠር ያለች ድሀ ደብር ቀድሞ ልታስበው የማትችለውን ካባ ለካህኗ ለማልበስ የቻለችው በመኪናው ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው «በእጅ የተጠለፈ» ተብሎ የተገዛው ካባ በመኪና የተጠለፈ ሆኖ ሲገኝ ነገሩ የጨርቅ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በእግዚአብሔር ቤት የሚለበሰው ልብስ ሐሰት የተነገረበት መሆን አይገባውም፤ ክሩ በምንም ይለፍ።

ሁለተኛው በደል ዋጋው ነው፤ ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ ስውር ነው፥ የሚሠሩትም ደጎች ናቸው። የእጅ ሥራ እወዳለሁ የሚል የተማረ ከተሜ ወደ ገበያ ወጥቶ በእጅ የተሰፋውን ጋቢ ይመርጣል፤ መምረጡ መልካም ነው። ከዚያ ግን እንደ መኪናው ዋጋ ካልሆነልኝ ብሎ ይከራከራል። ሻጩ የሚቀንሰው ከራሱ ትርፍ አይደለም። ከሸማኔውም ብዙ ሊቀንስ አይችልም፤ ሸማኔው ዋጋውን ያውቃል፥ ካልተስማማው ለሌላ ይሠራል። የሚቀነሰው ከፈታይዋና ከሰፊዋ ነው፤ እነርሱ ሥራቸውን በየቤታቸው ለየብቻ ስለሚሠሩ አንዲቱ ሌላይቱ ስንት እንደ ተከፈላት አታውቅም። ስለዚህ የእጅ ሥራን የወደደው ሰው በመውደዱ እጁን ይበድላል። መኪናውን የመረጠው ሰው ቢያንስ ይህን አላደረገም፤ ለአንድ ልብስ ሰፊ የአንድ ቀን ዋጋ ከፍሎ ሄዷል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ሁሉም በመኪና ይሁንና ሴቶቹ ይረፉ» ይላል። ቢያርፉ እኔም ደስ ባለኝ። ነገር ግን መርፌዋን የተቀማች ባልቴት የምታገኘው ዕረፍት አይደለም፤ ሥራ ማጣት ነው። መኪናውን የሚገዛው ገንዘብ ያለው ነው፤ በመኪናውም ላይ የሚቀመጠው በአብዛኛው በከተማው ሰገነት ሥር ያለው ወንድ ነው። ሥራው ከእናቶች ቤት ወጥቶ ወደ መንገድ ዳር ሄደ ማለት ነው፥ ገንዘቡም አብሮት ሄደ። ልጇን መኪና ማሰፋት ያስተማረች እናት ካለች፥ ወይም ብዙ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ መኪና የገዙ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ መኪናው የእነርሱ እጅ ይሆናል። ዕቃው በማን ቤት እንደሚቆም መጠየቅ በምን እንደ ተሰፋ ከመጠየቅ የሚበልጥ ሆኖ ይታየኛል።

አንድ ሥራ ግን እስካሁን መኪና ብዙም አልደረሰበትም፤ ይኸውም የነጠላ ቁጭት ነው። ሸማኔው ነጠላውን ቈርጦ ሲያወርደው ጫፉ የተበተነ ክር ነው። አንዲት ሴት ወይም ልጅ ነጠላውን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ክሩን ጥቂት ጥቂት እየለየች በጣቷ ታከረዋለች፥ ሁለት ሁለቱን አጣምራ ትገምደዋለች፥ ጫፉንም ትቋጫለች። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እስክትደርስ ጀርባዋ ይጎብጣል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ከአዘዞ ቀጥሎ ባለችው በጠዳም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህ ሥራ የትርፍ ጊዜ ሥራ ተብሎ ይቈጠራል፤ እንደ ሥራም አይጠራም። ነጠላውን የሚገዛው ሰው ጥበቡን አገላብጦ ያያል፥ ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑን በጣቱ ይፈትናል፥ ቁጭቱንም ያምራል ብሎ ይዳስሳል። ከዋጋው ውስጥ የቋጪዋ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ግን እስካሁን ሲጠይቅ አልሰማሁም፥ ሻጩም አይነግረውም።